ከፊደል መ እስከ አንቀጽ ዘጠኝ

በሰፈራችን እድር ሰው በስሙ ከሚጠራ በአንቀጹ ቢጠራ ይቀል ነበር። ደንቡን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ አባል ብዙ አልነበረም፤ ቁጥሮቹን ግን ሁሉም በቃሉ ይዟቸዋል። አንቀጽ አስራ አንድ አርፍዶ ስለሚመጣ አባል ይናገራል፤ ስለዚህ አንድም ቀን በሰዓቱ መጥታ የማታውቀው የበርበሬ ነጋዴ «አስራ አንድ» ሆና ቀረች። አንቀጽ አምስት በስብሰባ መሀል ማውራትን ይከለክላል፤ እኔ አባቴን ተከትዬ ስብሰባ መግባት ከጀመርኩበት ቀን አንስቶ «አምስት» ነበርኩ። ማዕረጉንም ለማንም አሳልፌ አልሰጠሁም።

ሰፈራችን ቀዳማይ ወያነ ይባላል። በእድሩ ውስጥ ትግርኛ ተናጋሪው ይበዛል፤ እንደኛ ከወሎ የመጣ ሙስሊም ነጋዴ አለ፤ ከመሀል አገር የመጣ መምህርና የመንግሥት ሠራተኛም አለ። ስብሰባው በትግርኛ ይጀመራል፣ ሲጋጋል አማርኛ ይገባበታል፣ ሲያልቅ በየትኛው እንዳለቀ የሚያውቅ የለም። ደንቡ ግን ከድሮ ጀምሮ የተጻፈው በአማርኛ ነው። ወደ ትግርኛ ይተርጎም የሚል ውሳኔ በየዓመቱ በጭብጨባ ያልፋል፤ በየዓመቱም ተርጓሚ ይጠፋል።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ሚሌኒየሙ ሊገባ ሲል ነው። እኔ ያኔ ዓዲ ሓቂ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ በነበረ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት እሠራ ነበር። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን በእጁ ጽፎ ይመጣል፣ እኔ እተይባለሁ፣ አማካሪው በቀይ ያዥጎረጉረዋል፣ ተማሪው ፊቱን አጥቁሮ ይመለሳል፣ እኔ እንደገና እተይባለሁ። ፈጣን ነበርኩ። ፈጣን መሆኔንም አውቅ ነበር፤ ይሄኛው ከፍጥነቴ ይልቅ ሰው ያስቸግር ነበር።

በግቢያችን፣ ከኋላ ባለችው ክፍል፣ አንድ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም፤ ለእኔ «አያ» ነበሩ። ከአባቴ ጋር በአንድ የጭነት መኪና ተሳፍረው ከወሎ የመጡ ናቸው። አባቴ ጨርቅ መሸጥ ጀመረ፤ አያ የነጋዴውን ጨርቅ፣ በርበሬና ጨው መሸከም ጀመሩ። አላገቡም፣ አልወለዱም፤ አገር ቤት የቀሩት ዘመዶቻቸውም አንድ በአንድ አልቀዋል። ገበያው ውስጥ እሳቸውን የማያውቅ አልነበረም። እድራችን የሚመዘግበው ግን የቤት ቁጥር ያለውን አባወራ ወይም እማወራ ነው። አያ የአባቴ የኋላ ክፍል እንጂ የቤት ቁጥር አልነበራቸውም።

አንድ ክረምት አብሯቸው ሲሸከም የኖረ ያገራቸው ልጅ ሞተ። ነጋዴው ገበያ መሀል ነጠላ ዘርግቶ አዋጣና ሟቹ ተቀበረ። የሚገነዝበት ከፈኑም ሌላውም ተሟልቶ ነበር፤ የጎደለው ሰው ነው። የመጣውም ጥቂት ሰው ሱቁን ክፍት ትቶ የመጣ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይላል። አያ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። አባቴ ሊያጽናናቸው ቢቀመጥ ቀና ብለው አዩትና «እኔንም እንዲሁ ነው የምትሸኙኝ?» አሉት።

አባቴ ነገር በሆዱ የሚይዝ ሰው አይደለም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እጁን አወጣና አዲስ አንቀጽ እንዲጨመር ጠየቀ፦ በአባል ግቢ የሚኖር፣ ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት እድሩ እንደ አባል ቤተሰብ ወጥቶ ይቅበረው። ሊቀመንበራችን ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ ድምፃቸው ከወፍጮው ጋር ሲፎካከር የኖረ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ «ኣቦይ» ነው የምላቸው። ሐሳቡን ወደዱት። ከዚያ ያንን በታይፕ የተጻፈ፣ በነጭ ቀለም የተለቃለቀ ደንብ አገላብጠው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሓቂ እዩ፣ ሸጋ ሐሳብ ነው። ግን የት ይግባ? ከቀብሩ ቀጥሎ ካስገባነው ከዘጠኝ ጀምሮ ያለው ቁጥር ሁሉ ይዛባል» አሉ። «ለሚቀጥለው ዓመት ይታይ።»

በሚቀጥለው ዓመትም ቁጥሩ ይዛባል ተባለ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። አንድ አንቀጽ መሀል ላይ ለማስገባት ሙሉ ደንቡ እንደገና በታይፕ መመታት ነበረበት፤ ደግሞም ሰው የለመደውን ቁጥር መንካት በስሙ መምጣት ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሰውን ከቀብሩ የሚያስቀረው ቁጥር ከሆነ፣ ቁጥር ማለት የእኔ እንጀራ ነው! ተነሳሁና «ለእኔ ስጡኝ፣ በኮምፒውተር እጽፈዋለሁ» አልኩ። ኣቦይ «አምስት፣ ቁጭ በይ» አሉኝ፤ ደንቡን ግን ሰጡኝ።

እንደ ጉድ ጻፍኩት። ቁጥሮቹን ግን በታይፕ ልማድ በእጄ ነበር የመታኋቸው፦ ቁጥር፣ ነጥብ፣ ክፍተት፣ ክፍተት፣ ክፍተት። የአባቴን አንቀጽ ዘጠኝ ብዬ አስገባሁና ከሱ በታች ያሉትን አንድ በአንድ ገፋኋቸው። አስር አስራ አንድ ሆነ፣ አስራ አንድ አስራ ሁለት ሆነ፣ እያልኩ እስከ መጨረሻው ወረድኩ። አንቀጾቹ እርስ በርስ እንደሚጠራሩ ትዝ አላለኝም። ጉባኤው ፊት ጸሐፊው ጮክ ብሎ እያነበበ ቅጣቱ ጋ ደረሰ፦ «በአንቀጽ 11 የተመለከተው አባል በጉባኤ ፊት ቆሞ ይወቀሳል።» አዲሱ አስራ አንድ ግን ማርፈድ አልነበረም። ወላጅ የሞተበት አባል ከእድሩ ተራ ሥራ እንዲያርፍ የሚፈቅደው ነበር። በእኔ ደንብ መሠረት እናቱ የሞተችበት ሰው ጉባኤ ፊት ተገትሮ ሊወቀስ ነው፤ ያረፈደው ደግሞ በሰላም ሊቀመጥ ነው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የበርበሬ ነጋዴዋ ከበሩ ገና መግባቷ ነበር፤ ነገሩ ሲነገራት ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ተመስገን፣ ነጻ ወጣሁ!» አለች። ተሳቀ፣ ተሳቀና ኮሚቴው ቁጥር የማይነካ መላ አመጣ። የአባቴ ሐሳብ ከአንቀጽ ስምንት ሥር፣ በንዑስ አንቀጽ 8.3፣ ፊደል መ ሆኖ ይግባ፤ በሚመጣው ጉባኤ ይጽደቅ። 8.1 እና 8.2 ስለ አባልና ስለ ቤተሰቡ ናቸው፤ ድንኳን ይተከላል፣ አባል በሙሉ ወጥቶ ይቀብራል፣ ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣል። 8.3 ግን «ድንኳንና ወንበር ብቻ የሚሰጥላቸው» ይላል። ሀ የአባል አማት ናት፣ ለ የአባል እንግዳ ነው፣ ሐ የቤት ሠራተኛ ናት። መ አያ ሆኑ።

አባቴ ከምንም ይሻላል ብሎ ሄዶ ነገራቸው። እኔ ግቢው ውስጥ ልብስ አጥብ ነበር።

«ወንበር ይሰጣል ነው የሚለው?» አሉ አያ።

«አዎ፣ ድንኳንም ወንበርም።»

አያ አሰብ አደረጉና «ማን ይቀመጥበታል?» አሉ።

እኔ እጄ ላይ የነበረውን ሸሚዝ ስጨምቀው ቁልፉ ተበጥሶ ወጣ።

መልሱ የመጣልኝ ተማሪው እረፍት በወጣበት፣ ዝናቡ የጽሕፈት ቤቱን ቆርቆሮ በሚደበድብበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ደንቡን ከፍቼ ቁጥሮቹን እያየሁ ተቀምጫለሁ። ወርድ በሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ላይ ቁጥር መስጫ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከፍቼው ሁለተኛውን ገጽ አይቼ የምዘጋው ነገር ነበር። ያን ቀን ሥራ ስለፈታሁ ሦስተኛውን ገጽ ነካሁት። ትንንሽ ሥዕሎች መጡ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ቁጥሮች እንደ ደረጃ ወደ ውስጥ እየገቡ ይወርዳሉ። አንዱን መርጬ ማስተካከያውን ከፈትኩ። በጎኑ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ተደርድሯል። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ደረጃ ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ምን ተብሎ እንደሚጠራና ከኅዳጉ ምን ያህል ገባ እንደሚል የምወስነው እኔ ነኝ!

ደረጃ አንድ ላይ ከቁጥሩ ፊት «አንቀጽ» ብዬ ጻፍኩ። ደረጃ ሁለት የበላዩን ቁጥር እንዲያስቀድም አደረግሁት፤ 1.1 ሆኖ መጣ። እሺ አልኩና ባዶ ገጽ ላይ ሞከርኩት። ኢንተር ስመታ «አንቀጽ 1»፣ ኢንተር «አንቀጽ 2»። ታብ ስመታ ራሱ ገባ ብሎ 2.1 ሆነ። ወደ ላይ ወጣሁና ከአንድና ከሁለት መሀል አዲስ መስመር አስገባሁ። ሁለት የነበረው ሦስት ሆነ፣ 2.1 ደግሞ ሳልነካው 3.1 ሆነ። አጠፋሁት፤ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። አስገባሁት፤ ሄደ። አጠፋሁት፤ መጣ። ጮኼ ኖሯል፤ የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ከጓዳ ሮጣ ወጣችና «እንታይ ኮንኪ? ኤሌክትሪክ ያዘሽ?» አለችኝ።

«ቁጥሩ ራሱ ይሄዳል! እዪው፣ ራሱ ይሄዳል!»

ትንሽ ቆማ አየችና «ታዲያ የት እንዲሄድልሽ ነው?» ብላ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። ደስታን ለብቻ መደሰት እንዴት ከባድ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ደስታዬ ደረጃ ሦስት ላይ ተሰናከለ። የቁጥር ዓይነቶቹን ብከፍታቸው የሮማ ቁጥር አለ፣ የእንግሊዝኛ ትልቁም ትንሹም ፊደል አለ፤ ሀ የለም። ወደ ላይ ብል ወደ ታች ብል ሀ ለ ሐ የሚባል ነገር ማሽኑ ሰምቶም አያውቅም። የእንግሊዝኛ ፊደል ያለበት ደንብ ኣቦይ ፊት ይዤ ብቀርብ ደግሞ ሌላ አንድ ዓመት መሳቂያ ነኝ። በመስኮቱ ዝናቡን እያየሁ ተናደድኩ፣ አኮረፍኩ፣ ከኮምፒውተር ጋር ተጣላሁ። ከዚያ ያ የጎን ዝርዝር እንደገና ዓይኔ ገባ። ደረጃዎቹ ዘጠኝ ናቸው። ደንባችን የሚፈልገው ሁለቱንና ፊደሎቹን ነው። የቀሩት ሰባቱ ሥራ ፈት ተቀምጠዋል!

ደረጃ ሦስትን ቁጥር አይኑርህ አልኩትና በቁጥሩ ቦታ በእጄ «ሀ» ጻፍኩበት። ደረጃ አራትን «ለ»፣ አምስትን «ሐ»፣ ስድስትን «መ»፣ ሰባትን «ሠ»፣ ስምንትን «ረ»፣ ዘጠኝን «ሰ» አደረግኋቸው። ሁሉንም ከኅዳጉ እኩል ርቀት ላይ አስቀመጥኳቸው። ወረቀት ላይ ሲታዩ ጎን ለጎን የቆሙ ወንድማማቾች ናቸው፤ ማሽኑ ግን እያንዳንዱን የበላዩ ልጅ አድርጎ ነው የሚያያቸው። ታብ ስመታ ሀ ለ ይሆናል፤ ሺፍት ይዤ ታብ ስመታ ለ ተመልሶ ሀ ይሆናል። ሸ ላይ የሚደርስ ዝርዝር እንዳይመጣብኝ ዱዓ አደረግሁ። እንዲህ ያለ ነገር የተማረ ሰው ቢያይ ምን ይል እንደነበር እንጃ፤ እኔ ግን ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜ ነበር የምተይበው።

የቀረው የአምናው ጉድ ነበር። አንቀጽ የሚጠራበት ቦታ ሁሉ ቁጥሩን በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ከራሱ ከአንቀጹ ጋር ማሰር እንደሚቻል ደረስኩበት። አንቀጹ ሲሄድ የሚጠራውም ቁጥር ይከተለዋል፤ ብቻ በራሱ አይነቃም፣ ሁሉንም መርጦ ኤፍ ዘጠኝ የሚባለውን ቁልፍ በመጫን መቀስቀስ አለበት። የኮሚቴው ውሳኔ ስለሆነ አያን እዚያው ፊደል መ ላይ ተውኳቸው። በሆዴ ግን ከዚያ የማወጣቸውን ቀን እጠብቅ ነበር።

የጉባኤው ቀን እሑድ ጠዋት የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሏል። እንዳ ኢየሱስ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚያስተምር የመሀል አገር ሰው የሆነ አባላችን ፕሮጀክተር ይዞ መጣ፤ እናቴ ነጭ አንሶላ ሰጠች፤ አንሶላው ግድግዳው ላይ ተወጠረ። ደንባችን በዚያ ትልቅነት ሲወጣ ሰው ሁሉ «ዋእ!» አለ። አያም መጡ። አባል ስላልሆኑ መናገር አይፈቀድላቸውም፤ የመሸከሚያ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

አንቀጽ በአንቀጽ እየተነበበ፣ እጅ እየወጣ፣ እየጸደቀ 8.3 ላይ ደረስን። ፊደል መ ሲነበብ አባቴ ተነሳ።

«ይህ ነገር እዚህ ቦታው አይደለም» አለ። «እዚህ ወንበር ብቻ ነው የሚሰጠው። ራሱን ችሎ፣ ከቀብር ቀጥሎ፣ አንቀጽ ይሁን።»

አዳራሹ አጉረመረመ። አንዱ ከኋላ «ዘንድሮም ሐዘንተኛ ልንወቅስ ነው?» አለና ተሳቀ። ኣቦይ እጃቸውን አንስተው «ወዳጄ፣ ያንተን ሐሳብ ጠልተን አይደለም፤ ቁጥሩ …» ብለው ሳይጨርሱ በሩ ተከፈተና የበርበሬ ነጋዴዋ ገባች።

«ዓሰርተ ሓደ!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ፤ «አስራ አንድ» በትግርኛ።

እሷ እንኳን ልታፍር ቆማ አዳራሹን ዙሪያውን አየች። «ምን ላይ ናችሁ?» አለች። አጠገቧ የነበሩት ነገሯት። አያን አየቻቸው፤ ቀጥሎ አንሶላውን አየችው።

«ስሙኝማ!» አለች። «እኚህ ሰውዬ በርበሬዬን ሲሸከሙ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ዓይናቸው እየተቃጠለ፣ አንድ ቀን ሳይማረሩ። ሲሞቱ ወንበር ልከን ቤታችን ልንቀመጥ ነው? እንዴ! ቁጥር ነው የቸገራችሁ? የኔ ቁጥር ይሂድ! ከዛሬ ጀምሮ አስራ ሁለት በሉኝ፣ በቃ!»

ኣቦይ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጓለይ፣ ቁጥሩ ሳይበላሽ ማውጣት ትችያለሽ?»

«እችላለሁ ኣቦይ።»

«ለመቼ?»

«አሁን!» አልኩ። ቃሉ ከአፌ የወጣው በጩኸት ነበር።

«ኣጆኺ፣ አይዞሽ፣ እስቲ አሳይን። ከተበላሸ ግን ወደ ቦታው ይመለሳል።»

መስመሩ መጀመሪያ ላይ ገባሁ፤ ሺፍትን ይዤ ታብን መታሁ። መ ሐ ሆነ። የዚያ የዝናብ ቀን መላዬ ይህን እንደሚያመጣ አላሰብኩም ነበር፤ አንድ መስመር ከፊደል ወደ አንቀጽ ለመውጣት እያንዳንዱን ፊደል መርገጥ አለበት። እንደገና መታሁ።

«ለ!» አለ አንድ ሰው።

መታሁ። «ሀ!» አሉ፤ አሁን ብዙ ሆነዋል። እንደገና ስመታ ፊደሉ ጠፋና መስመሩ ወደ ግራ ወጣ ብሎ 8.4 ሆነ። አዳራሹ ቆመ። እውነቴን ነው፣ ከወንበራቸው ተነስተው ቆሙ። መምህሩ «አንዴ ቀርቷታል፣ አንዴ!» ይላል። ለመጨረሻ ጊዜ መታሁ። መስመሩ እስከ ግራው ጥግ ሄዶ ከሌሎቹ አንቀጾች ጋር ሲሰለፍ፣ ፊቱ ላይ «አንቀጽ 9» የሚል ተጻፈበት፤ ከሱ በታች ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ወረዱ። ማንም ሳይነካቸው!

ጭብጨባው ሊጀመር ሲል መምህሩ «ቆይ! ቅጣቱ ጋ ውረጂ!» አለ። ወረድኩ። አንቀጽ አስራ ስምንት ሆኗል፤ ውስጡ ግን አሁንም «በአንቀጽ 11 የተመለከተው አባል» ይላል። ሐዘንተኛው ዘንድሮም ሊወቀስ ነው። «ኣየ!» የሚል ድምፅ በአዳራሹ ሲያልፍ ሰማሁት። ኣቦይ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ ሁሉንም መረጥኩ፤ አንሶላው ሙሉ ጠቆረ። በልቤ ቢስሚላሂ አልኩና ኤፍ ዘጠኝን ተጫንኩ።

11 የነበረው 12 ሆነ።

እልልታው የጀመረው ከሴቶቹ ወገን ነው። ከዚያ ማን ምን እንዳለ አላውቅም። የበርበሬ ነጋዴዋ አቅፋ ስታነሳኝ እግሬ ከመሬት ተነስቶ ነበር፤ ነጠላዋ በርበሬ በርበሬ ይሸታል፣ አስነጠሰኝ። ኣቦይ «ጽቡቕ! እጅ አውጡ!» ብለው ጮሁ፤ እጅ ያላወጣ አልነበረም። አያ ራሳቸው አባል አለመሆናቸውን ረስተው እጃቸውን አውጥተው ነበር፤ የሚከለክላቸውም አልተገኘ።

ሰው ሲወጣ አያ ወደ አንሶላው ተጠጉ። ማንበብ አይችሉም።

«ልጄ፣ የቱ ነው የኔ?»

ወደ ላይ መልሼ አሳየኋቸው። እጃቸውን ዘርግተው አንሶላውን ነኩ፤ ብርሃኑ ከኋላቸው ስለሚመጣ «አንቀጽ 9» የሚለው የእጃቸው ጀርባ ላይ ወጣ። ገልበጥ አድርገው አዩትና ሳቁ።

«ከሌሎቹ እኩል ነው ያለው?»

«እኩል ነው አያ። እስከ ግራው ጥግ።»

«አብሽሪ» አሉኝ። የማለቅሰው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ደንብ ሠራሁ። ወሬው ከሰፈር ሰፈር ሄዶ፣ ቁጥር ራሱ የሚሄድለት ደንብ የምትሠራዋ እየተባልኩ ጽሕፈት ቤቱን የማኅበር ሰው ሞላው፤ የተማሪዎቹን መመረቂያ ጽሑፍም በዚያው ደረጃ እሠራዋለሁ። አዲስ ወርድ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምከፍተው ያንን ማስተካከያ ነው፤ ሀ ገብታ እንደሆነ ለማየት። አልገባችም፤ እኔም ያችን የሰባት ፊደል መላዬን አልተውኩም።

አያ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ጉልበታቸው ሲደክም መሸከሙን ተዉ፤ ገበያው ውስጥ የነጋዴ ዕቃ እየጠበቁ ዋሉ። የሞቱት በበጋ ነው፣ ጠዋት፣ በእንቅልፋቸው። ጸሐፊው ጥሩንባ ከማስነፋቱ በፊት ደንቡን ማየት አላስፈለገውም።

ቀትር ሳይደርስ ድንኳኑ በራችን ላይ ተተከለ። ጀናዛው ሲወጣ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ኣቦይ በዚያ እድሜያቸው ያዙ፤ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ነጠላ የለበሰና ቆብ ያደረገ ሰው ነበር። ገበያው ሱቁን ዘግቶ ነው የወጣው። ከቀብር ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ የበርበሬ ነጋዴዋ እያለከለከች መጣች፤ ከዓዲግራት ጭነት ልታመጣ ሄዳ ሰምታ በመንገድ ያገኘችው መኪና ላይ ተሳፍራ ነው። ቀብሩ አምልጧታል። በድንኳኑ አፍ ቆማ ታለቅሳለች።

«ዓሰርተ ሓደ መጺኣ» አሉ ኣቦይ ቀስ ብለው፤ እሳቸውም ዓይናቸው እርጥብ ነው።

አስራ ሁለት ነች ልል አፌን ከፍቼ ነበር። በእርግጥ ከዚያ ጉባኤ ወዲህ አንድም ሰው አስራ ሁለት ብሏት አያውቅም። መጀመሪያ ለአያ ስትል የሰጠችውን ቁጥር ሰው ሁሉ መልሶ እሷው ላይ ትቶላታል። ዝም አልኩ፤ አንቀጽ አምስትን በሕይወቴ ያከበርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እሷ እንባዋን እየጠረገች የምትቀመጥበት ፈለገች። በዚህ በኩል አየች፣ በዚያ በኩል አየች። እድሩ ያሉትን ወንበሮች በሙሉ አውጥቷል፤ ከጎረቤት እድርም ተውሰን ነበር። አንድም ባዶ ቦታ አጣች።